የሺ ያስጠናችኝ ጥር

የልጅ ልጄ ትናንት ከዩኒቨርሲቲ ደውላ፣ ውጤቷ ስላሽቆለቆለ የጥናት አማካሪ እንደተመደበላት ነገረችኝ። አፍራለች። አጽናንቻት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን የሞጣዋ የሺ ትዝ አለችኝ።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ከቢቸና ሄጄ አዲስ አበባ ኮሌጅ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው። የመንፈቁን ፈተና ወደቅኩና ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ቀጣዩን ካላለፍኩ መባረሬ ነው። የሺ በአንድ ዓመት ትቀድመኛለች፤ ከክፍሏ ወንዶች የሚስተካከላት አልነበረም። ለዕረፍቱ ቢቸና ገብቼ ከማለቅስ እነሱ ቤት ሄደን እንድታስጠናኝ ወሰነች። ዓባይን ተሻግረን፣ ቢቸና ቤተሰቦቼን ስመን፣ በእህል መኪና በደብረ ወርቅ በኩል አቧራ ለብሰን ሞጣ ደረስን።

አባቷ መሪጌታ ነበሩ። የቆሎ ተማሪዎቻቸው በግቢው ጥግ ትምህርታቸውን በቃላቸው እየደጋገሙ ሲቀጽሉ እኛ ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን የሽምብራ እሸት እየፈለፈልን እናጠናለን። የሺ አንድ ገጽ ታስነብበኝና መጽሐፉን ትከድነዋለች።

«በይ በራስሽ አፍ ንገሪኝ። መናገር ካቃተሽ አላነበብሽውም» ትለኛለች።

ዘዴውን የቀሰመችው ከአባቷ ጉባኤ ነው። ሴት ናት ብለው አላስገቧትም፤ ጆሮዋን ግን ሊከለክሏት አልቻሉም። ውሎ አድሮ ያ የጨለመብኝ እንግሊዝኛ እንደ ጉም ይገፈፍልኝ ጀመር።

ከጓዳ ጌሾ ይወቀጣል፣ ጠላ ይጠመቃል። ለአያቷ ተዝካር ነው አሉን። ልንመለስ ጓዛችንን ስንሸክፍ ነው እናቷ ፊታቸውን አዙረው ሠርግ መሆኑን የነገሯት። ለአንድ የደብረ ወርቅ ባለርስት ልጅ፣ እሷ ሳታውቅ ታጭታ ኖሯል። የሺ አባቷ እግር ላይ ወደቀች፤ ዲግሪዋን እስክትይዝ ብቻ እንዲታገሷት ለመነች። መሪጌታ አልተቆጡም።

«ቃሌን ሰጥቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ እኔ መለስ አድርገው፣ «ደግሞስ የተማርሽው አነሰ? ሰው እስከ ማስተማር ደርሰሽ የለም?» አሏት።

ከሠርጉ ማግስት ብቻዬን ተሳፈርኩ። ፈተናውንም አለፍኩ።

ከዓመታት በኋላ ሞጣ ገበያ ውስጥ አገኘኋት። ልጅ አዝላ በርበሬ ትመርጣለች። ጤና ሳንጠያየቅ፣ «ያን ፈተና ምን አመጣሽ?» አለችኝ። ስነግራት ፊቷ በራ። ወዲያው ጎንበስ ብላ በርበሬዋን መምረጥ ቀጠለች።

መሪጌታ ሲያርፉ አገሩ ሁሉ ሊቅ ሞተ ብሎ አለቀሰ። እኔም ለይቅርታ የሚበቃ ዕድሜ አግኝቻለሁ፤ ስማቸው ሲነሳ ግን ዛሬም ነፍስ ይማር ማለት ከአፌ አይወጣም።