ላምባና ኩበት በኮረብታው ላይ

ወታደር ሳለሁ ነው፤ ትእዛዙ የደረሰን ከሰዓት በኋላ ነበር። መቶ ጦራችን በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ኮረብታውን መያዝ ነበረበት። ጥይቱም፣ ውሃውም፣ ዱቄቱም፣ ማገዶውም በጀርባችን ይወጣል።

ይህን የምጽፈው ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ተራራ ልትወጣ ስለሆነ ነው። እሑድ ዕለት አቃቂ በሰቃ ቤታችን ተሰብስበው ማገዶ ሲያወዳድሩ ነበር። «እማዬ፣ ቡታጋዙ ይከብዳል፤ ዋጋውም አይቀመስም። ከሰል አይሻለንም?» አለችኝ። መልሴ ይኸው።

ምግባችንን የሚያበስለው አስር አለቃ ሰይድ ነበር፤ የወሎ ልጅ። የስንቅ ኃላፊውን መኮንን «ጌታዬ፣ ላምባ ይስጡን» አለው።

«ላምባ ይከብዳል፤ ውድም ነው። ኩበት ቀላል ነው፤ ከሜዳ ይለቀማል።»

ሰይድ ኩበት የሞላውን ከረጢት በአንድ እጁ ብድግ አደረገው። «ክብደቱስ እውነትዎን ነው ጌታዬ። ጭሱን ማን ይሸከምልናል?»

እኛ ሳቅን። መኮንኑ አልሳቀም። ከድንኳኑ በር ላይ የራሱ ሻይ በላምባ ምድጃ ይፈላ ነበር።

ኮረብታውን ያዝን። ጠላት ፊት ለፊት ስለነበርና ኩበቱ ስለሚጨስ እሳት ማንደድ ተከለከለ። ሁለት ቀን ጥሬ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠን ጠጣን። ሆዳችን ተነፋ፤ ከዚያ ተቅማጥ ገባ። ከምሽጉ ብቅ ማለት አይቻልም። እዚያው እንበላለን፣ እዚያው እንጸዳዳለን፤ ዝንቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል። ከመቶው ሁለት ልጆች መቆም አቃታቸው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጉም ወረደ። ሰይድ ወደ መቶ አለቃችን ተሳበ።

«ጉሙ ሳይገለጥ ለእነዚህ አጥሚት ላድርስላቸው። ትኩስ ነገር ካልቀመሱ ይሞቱብናል።»

መቶ አለቃው ልጆቹን አያቸው። «ፍጠን» አለ።

ኩበቱ ጨሰ። አጥሚቱ ሊፈላ ሲል ነፋስ ተነሳ። ጉሙ ሄደ፤ ጭሱ ለጠላት ተገለጠ።

ሞርታሩ ወዲያው ጀመረ።

ጋብ ሲል ሙታናችንን ቆጠርን። ሰይድ፣ መቶ አለቃችን፣ ሁለቱ ሕመምተኞች። አራት። ሕመምተኞቹ አጥሚቱን አልቀመሱትም።

የስንቅ ኃላፊው ሪፖርት «አደጋው የደረሰው አስር አለቃው ትእዛዝ ጥሶ እሳት በማንደዱ ነው» ይላል። ስለ ላምባ አንድ ቃል የለበትም። ተሰልፈን ሲነበብልን ሰማሁ።

ሰይድን እንደ ሃይማኖቱ፣ ሦስቱን እንደ እኛ ወግ ቀበርን። እኔ ተርፌ ልጅ አሳደግሁ፤ ስሙ ይመስገን። በጸሎቴ ለዚያ መኮንን ምሕረት እለምናለሁ። አፌ ይለምናል፤ ሆዴ ግን እስከ ዛሬ እሺ አላለኝም።