የቅበላው በግ አንጀት

ባለፈው ሳምንት በገና የሚያስተምረን ወጣት ዲያቆን አውታሬን ነካ ነካ አደረገና፣ «እማማ፣ ይሄን የበግ አንጀት ትተው ለምን ናይለን አናስገባልዎትም? ቶሎ አይበጠስም፤ ክረምት ሲገባም አይላላም» አለኝ። ከተማሪዎቹ አንዷ፣ «ተዋቸው፣ አብሯቸው ያረጀ ነው» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። የማልለውጥበትን ምክንያት ግን አልነገርኳቸውም።

ያደግሁት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ባለች መንደር ነው። ሁለተኛ ደረጃ ስማር ሳምንቱን ከተማ ተከራይቼ እቆይና ዓርብ ከሰዓት ስንቄ ሲያልቅ ወደ ቤት እመለስ ነበር። በበጋ የመንገዱ አቧራ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ ግራና ቀኙ የታጨደ የጤፍ ማሳ ነው። ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ የእናቴ አጎት አባባ ገሰሰ ይኖሩ ነበር። በዐቢይ ጾም ከቅዳሴ መልስ ደጃቸው ተቀምጠው በገና ይደረድራሉ። ሌላው ልጅ ጥቂት አዳምጦ ይሄዳል። እኔ ድምፁን በደረቴ የምሰማው ይመስለኝ ስለነበር እስኪጨርሱ አልነሳም።

አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ አስተምሩኝ አልኳቸው። ሴት ልጅ ከበገና ምን አላት ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን በገናውን አዙረው አሳዩኝ። ከአሥሩ አውታር አራቱ ተበጥሰዋል።

«እኔ እጄም ዓይኔም ደክሟል» አሉኝ። «የቅበላ በግ ሲታረድ ቀጭኑን አንጀት ያዥ። እጠቢው፣ ፋቂው፣ እርጥቡን ገምደሽ ጥላ ላይ ወጥሪው። ከዚያ ጾሙን ሙሉ አስተምርሻለሁ።»

«ቅበላ ካመለጠኝስ?»

«በጾም ማን በግ ያርድልሻል? እስከ ፋሲካ ነዋ! እኔ ደግሞ እስከ ፋሲካ መኖሬን ማን ነገረሽ?» ብለው ሳቁ።

በጉ ቅዳሜ ታረደ። አንጀቱን አባቴን ለምኜ ወሰድኩ። ወንድሜ ጥብሱን እያላመጠ፣ «ሰው ሥጋ ይበላል፣ የእኛዋ አንጀት ታጥባለች» ይለኛል። ምንጭ ወርጄ አጠብኩት፤ ፋቅሁት፤ ገመድኩትና ከቤቱ ጀርባ በሁለት ካስማ መካከል ወጠርኩት። እሑድ ማታ ስነካው መድረቅ ጀምሮ ነበር።

በእኛ አገር ጾም ሊገባ ሲል ቤት ይጸዳል። ሥጋና ቅቤ የነካው ድስት ሁሉ በአመድ ይታሻል፤ የተረፈ ፍስክ ከቤት ይወጣል። ሰኞ ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ልሄድ ስነሳ ካስማዎቹ ባዷቸውን ቆመዋል። እናቴ ደጅ ቁጭ ብላ ድስት ታሻለች።

«እማዬ፣ እዚህ የነበረው የት ሄደ?»

«የቱ?»

«አንጀቱ!»

«ለውሻ ሰጠሁት። ጾም ገብቶ ሥጋ ከቤቴ ተንጠልጥሎ ይዋል? ጎረቤት ምን ይለኛል?»

«የበገና አውታር እኮ ነው። የአባባ ገሰሰ።»

እጇ ድስቱ ላይ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ጎንበስ አለችና፣ «ከፋሲካው ትወስጃለሽ» ብላ ማሸቷን ቀጠለች። ስንቄን አንስቼ ሄድኩ። ከተማ እስክገባ አለቀስኩ።

አባባ ገሰሰ ሲሰሙ አልተቆጡም። «ጣትሽ እስከዚያ ይልመድ» ብለው በቀረው አውታር አስጀመሩኝ። የተበጠሰው ቦታ ላይ ስንደርስ ጣቴ ባዶውን ይመታል፤ የጎደለውን ድምፅ እሳቸው በአፋቸው ይሞሉታል። በጾሙ አጋማሽ ሳል ጀመራቸው። ድምፃቸው እየሳሳ ሄደ፤ በአፋቸው የሚሞሉልኝም እየቀነሰ ሄደ።

ለፋሲካ በጉ ሲታረድ ማንም ሳይጠይቃት እናቴ ራሷ አንጀቱን አወጣችው። ዶሮ ወጡ ምድጃ ላይ ሲንተከተክ እሷ ምንጭ ወርዳ አጠበችው። ገምዳ የወጠረችውም እሷ ናት።

ሲደርቅ ይዤላቸው ሄድኩ። መደብ ላይ ተኝተዋል። ጣታቸውን በአውታሩ ላይ ቀስ ብለው አሳለፉ።

«ጥሩ ተገምዷል። አንቺ ነሽ?»

«እናቴ ናት።»

አውታሩን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡ። «ሲሻለኝ እናስገባዋለን» አሉኝ።

አልተሻላቸውም። ሳምንት ሳይሞላ ቀበርናቸው። በገናውን ሩቅ አገር የሚኖር ልጃቸው ወሰደው፤ እናቴ የገመደችው አውታር ግን እኔ ጋር ቀረ።

ከዚያ በኋላ ትዳር መጣ፣ ልጆች መጡ። የባለቤቴ ሥራ ከወረዳ ወረዳ ያዛውረን ነበር። መጀመሪያ የገዛሁት በገና እንጨቱ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን ስገዛ የሚያስተምር አላገኘሁም። አስተማሪ ሳገኝ ባለቤቴ ታመመና ዓመታቱ በማስታመም አለፉ። ደህና አድርጌ የጀመርኩት እሱን ከቀበርኩ በኋላ ነው። በገና የሚመታው በግራ እጅ ነው፤ የእኔ ግራ እጅ ደግሞ በብርድ ጠዋት ጣቶቹ አልታጠፍ ይላሉ። ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሬ እጠብቃለሁ።

አንድ መዝሙር ሳላቋርጥ ከዳር ያደረስኩት ዘንድሮ ነው። ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም። እናቴ ብትኖር ትሰማው ነበር እያልኩ ትንሽ ተቀመጥኩና በገናውን ሸፍኜ ምሳዬን ለማሞቅ ተነሳሁ።

ዲያቆኑ ጥሩ ሆኗል ይለኛል። እሱ የአባባ ገሰሰን አልሰማም። እኔ ሰምቻለሁ፤ የእኔ ምን ያህል እንደሚቀረው አውቃለሁ። ነገ ከሰዓት ትምህርት አለን፤ እሄዳለሁ።