የትውልድ ቁጥር ያልነበራቸው መዝጋቢ

ታክ ዮንግማን በዴጆን ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነዱ። ጡረታ በወጡ በሳምንቱ ታክ የሚል የቤተሰብ ስም ወዳላቸው ወገኖች ማኅበር መጥተው ያለ ደመወዝ መዝጋቢ ሆኑ። እኔ ሚራን የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ፤ በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠን አሥር ዓመት ሠርተናል።

በማኅበራችን ሰው በዕድሜው አይጠራም። ከመጀመሪያው አባት ስንተኛ ትውልድ ነህ ነው ጥያቄው፤ ቁጥሩ ያነሰ ለመጀመሪያው አባት ይቀርባልና ታላቅ ነው። ሊቀመንበራችን ክዋንግሱ የአርባ ስድስት ዓመት ፋርማሲስት ነው፤ ግን ሃያ አራተኛ ትውልድ ስለሆነ ሰባ የሞላቸው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ አያቴ ይሉታል። "አያቴ፣ የጉልበቴን መድኃኒት ዛሬም ረሱት? እርጅና ተጫጫነዎት መሰለኝ!" ብለው ሲያፌዙበት ቢሮው በሳቅ ይሞላል።

ዮንግማን ግን ቁጥር አልነበራቸውም። የቤተሰብ ስማቸው ታክ ነው፤ ቅርንጫፋቸው ከግንዱ የት ላይ እንደሚገናኝ የሚያሳይ ወረቀት ግን የለም። ስለዚህ ማንም ምን ብሎ እንደሚጠራቸው አያውቅም፤ "መዝጋቢው" ብቻ ይባላሉ። አባታቸው በወጣትነታቸው፣ በመከር ወራት በአባቶች መቃብር ላይ ወደሚደረገው ስግደት ሁለት ሣጥን የሩዝ ኬክ ተሸክመው ሄደው ነበር። "ስንተኛ ነህ?" ተባሉ። እንደማያውቁ ተናገሩ። ኬኩን ተቀበሏቸውና እሳቸውን በር ላይ ለብቻቸው አበሏቸው። አሁን ዘጠና ሦስት ዓመታቸው ነው፣ በአረጋውያን መጦሪያ ይኖራሉ፤ ልጃቸው እሑድ እሑድ ሊጠይቋቸው ሲሄዱ አባትየው ከሰላምታ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ "ተገኘ?"

የወገኑ መጽሐፍ ታድሶ የሚታተመው በሠላሳ ዓመት አንዴ ነው። የዚህኛው መዝጊያ የጥቅምት መጨረሻ ነበር።

ፍለጋው እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፤ እኔን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በድሮው መንግሥት ዘመን በየሦስት ዓመቱ ቤት ሁሉ ይመዘገብ ነበር። አባወራው የራሱንና የሚስቱን ስምና ዕድሜ ያስመዘግባል፤ ከዚያ አባቱን፣ አያቱንና ቅድመ አያቱን ይጠራል። ልጁ ከሚጠራቸው ሦስት ስሞች ሁለቱን አባቱም በራሱ ዝርዝር ላይ ጠርቷቸዋል። ሁለቱ ከገጠሙ አንድ ትውልድ ወደ ላይ ወጣን ማለት ነው፤ ዮንግማን "አንድ ፌርማታ" ይሉታል። መዝገቡ በቻይና ፊደል የተጻፈ ነው፣ ግማሹን ብል በልቶታል። ከመካከላችን ሊያነበው የሚችል እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ፊደሉን ያጠኑት አውቶቡሳቸው ውስጥ ተራ ሲጠብቁ ነው። በዚህ መንገድ አርባ ቤተሰቦችን ከግንዱ ጋር አገናኝተዋል። የዚያን ብዙ እጥፍ የሚሆኑትን ደግሞ ማስረጃው ስላልገጠመ መልሰዋል።

መስከረም ላይ የራሳቸው መስመር አምስተኛው ፌርማታ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1828 መዝገብ ላይ ታክ ሴግዋንግ የሚባል የአርባ አንድ ዓመት ሰው ተገኘ፤ ሥራው "የቀለም ተማሪ" ይላል። የጠራቸው ሦስት አባቶች ስም በመጽሐፋችን ውስጥ አለ! ቆጠርን። ዮንግማን ሃያ አራተኛ ሆኑ።

"እንግዲህ እኩያዬ ነዎት ማለት ነዋ!" አለ ክዋንግሱ እየሳቀ። "ወንድሜ፣ ምሳ በእርስዎ ነው።"

ዮንግማን ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። እንደዚያ ቀን ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ልማዳቸው ግን አንድ መዝገብ አለማመን ነው፤ የፊቱንና የኋላውን ካላዩ አይጽፉም። በማግስቱ የ1825ቱን ከቤተ መጻሕፍት አመጡ። መንደሩ ያው፣ የቤቱ ቁጥር ያው ነው። ሚስቲቱም ያችው፣ በሦስት ዓመት ታንሳለች። አባወራው የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ ዶልሶይ ይባላል፤ የቤተሰብ ስም የለውም። "ከታክ ቤት ነፃ የወጣ ባሪያ" ይላል። አባቱ ማክዶንግ፣ እሱም ባሪያ። በሦስት ዓመት ውስጥ የሞቱት አባቶች ተለውጠዋል፤ ዶልሶይ የጌቶቹን ስምና አያቶች ይዞ ሴግዋንግ ተብሏል ማለት ነው።

ዮንግማን ቅጂውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ድምፃቸውን ሳይለውጡ አነበቡልን።

ክዋንግሱ በሩን ዘጋ። "የ1828ቱ የመንግሥት ወረቀት ነው አይደለም? እሱ ይበቃል። የ1825ቱን ማን አምጡ አለዎት?"

"ሥራዬ ነዋ።"

"እኔና ሚራን አላየንም። ይኸው ነው።"

"በሰኔ የመለስኳትን ዓሣ ሻጭ ታስታውሳለህ? የእሷም ነገር እንዲሁ ነበር፤ ሁለት መዝገብ፣ ሁለት ዓይነት አያት። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ነግሬያታለሁ። ልጥራት?"

"እሷ ሌላ ናት።"

"ምኗ ነው ሌላ?"

እኔ "ይተውት፣ ለአባትዎ ሲሉ" ልላቸው ነበር፤ ግን ለዚያች ሴት መመለሻ ደብዳቤዋን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የራሳቸውን ካርድ ራሳቸው ሞሉት፦ "ከግንዱ ጋር አልተገናኘም።" የመዝገቦቹን ዓመትና ገጽ አጥርተው ጻፉ፤ ቤተሰባቸውን ያልተገናኙት በሚሰፍሩበት በመጨረሻው ቅጽ አስገቡ። በጥቅምት መጨረሻ ጽሑፉ ወደ ማተሚያ ቤት ሄደ።

በዚያ እሑድ አብሬያቸው መጦሪያው ሄድኩ። መንደሪን ገዝተን ነበር። ሽማግሌው ትራሳቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው አጥርቶ ባያይም የልጃቸውን እርምጃ ያውቃሉ።

"ተገኘ?"

ዮንግማን መንደሪኑን ሳይልጡ በእጃቸው አገላበጡት። "ገና ነው አባዬ። እየፈለግሁ ነው።"

"መጽሐፉስ?"

"ተዘጋ።"

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ጉልበት መታ መታ አደረጉ። "አይዞህ፣ አትቸኩል። ለሚቀጥለው ይደርሳል።"

የሚቀጥለው ሠላሳ ዓመት ይቀረዋል። ዮንግማን ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው።

"ይደርሳል" አሉ፤ ከዚያ መንደሪኑን ልጠው ነጩን ክር አንድ በአንድ እያነሱ ለአባታቸው ማጉረስ ጀመሩ።