እኅቴ ከፈረስ የወረደችበት ከተራ

አሁን በምኖርበት አገር ቤተ ክርስቲያናችን የሚደረሰው በሁለት አውቶቡስ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ምሳ ቀርቦ ስለ እኅቴና ስለ ፈረሶቹ ሳወራ፣ የሚያዳምጡኝ ሴቶች ሁልጊዜ በአንድ ጥያቄ ይጨርሳሉ፤ ታዲያ ተፈወሰች? አልተፈወሰችም እላቸዋለሁ። ቅር ሲላቸው ከፊታቸው አያለሁ። አንዳንዷማ ምስክርነት ያጎደልኩባት ይመስል እጄን ለቀቅ ታደርገዋለች። እኔ ግን ለእግዚአብሔር ብዬ አልዋሽም። እሱ የሠራውን እሱ ያውቃል፤ እኔ ያየሁትን እናገራለሁ።

እኅቴ ስትወለድ ምጡ ረዝሞ ነበር። እግሮቿ እንደ መቀስ ተጠላልፈው የሚገተሩ፣ ንግግሯ የሚዘገይ፣ አእምሮዋ ግን ከሁላችንም የፈጠነ ልጅ ሆነች። እናቴ በደባርቅ ዙሪያ ያላዳረሰቻት ጠበል የለም። ጎንደር ወስደናት ያየቻት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ደግሞ ጡንቻዋ እንዲላላ ማንቀሳቀስ እንጂ ማስተኛት እንደማይበጃት ነገረችን፤ ፈረስ ካላችሁም አስቀምጧት አለች።

ፈረስማ ነበረን። አባቴ ተራራውን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ጓዝ ጭኖ እስከ ጨነቅ ሰፈር የሚያደርስ ጫኝ ነው። እንግዳ በጠፋባቸው ዓመታት ከብቶቹ ሥራ ፈትተው ሲቆሙ፣ ዳማዋን ባዝራ ያለ ኮርቻ አጎዛ ብቻ ደልድሎባት እኅቴን አወጣት። አንድ ሰው ይስባል፣ ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ጭኗን ደግፎ ይሄዳል። የግራዋ ደጋፊ እኔ ነበርኩ። ሜዳውን ዞረን ስንመለስ እነዚያ ግትር እግሮች በባዝራዋ ሙቀትና በርምጃዋ ላልተው ግራና ቀኝ ይንጠለጠላሉ። ስትወርድ ተመልሰው ይገተራሉ። ይገተሩ፤ ለዚያች ሰዓት ግን ሕመም የለባትም፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣም ሰውን ከላይ ወደ ታች ታያለች።

ወሬው ተዳረሰ። ከዳባት አንድ መምህር ልጁን በሚኒባስ ይዞ መጣ። ከመካነ ብርሃን አንዲት እናት ሴት ልጇን አዝላ፣ መንገድ ላይ ዘመድ ቤት አድራ ደረሰች። ከአባቴ ጋር የሚሠሩት ጫኞችም የእኛስ ፈረስ ምን ይሠራል እያሉ አንድ በአንድ ተጨመሩ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሜዳው በልጆችና በፈረስ ይሞላል። መንገድ ሲዘጋ የከተማው ልጆች ብቻ፣ ሲከፈት ሁሉም። ስም አላወጣንለትም። ግን እንደ ጽዋ ማኅበር የቀረ ይጠየቃል፣ የታመመ ይጎበኛል፣ ያዘነ ይጽናናል። እነሆ እስከ ዛሬ አለ።

ሐሜቱም አብሮ አደገ። ልጆቹን የሰው መሳቂያ አደረጓቸው ተባለ። በእምነት የሚድነውን በከብት ጀርባ ያንገላቱታል ያሉም ነበሩ። እናቴ ጠበሉን አልተወችም፤ ማለዳ ጠበል፣ ከሰዓት ፈረስ። የሚወቅሷትን ሴቶች ውኃውንም ፈረሱንም የፈጠረው አንድ ነው ብላ ታልፋቸዋለች። መንገድ አትለቅላቸውም ነበር።

እኔ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ነው፣ አንድ ዓመት እኅቴ በከተራ ከፈረሰኞቹ ጋር ሆና ታቦት ማጀብ እንደምትፈልግ ተናገረች። እናቴ ወዲያው ነጠላዋን አጣፍታ የፈረሰኞቹ አለቃ ቤት ሄደች፤ እኔና እኅቴም ባዝራዋን ይዘን ተከተልናት። አለቃው ከተማው ሁሉ አባባ የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው። እምቢ ያሉት በጭካኔ አልነበረም። በእኛ ዘንድ ታቦቱ ከመቅደስ ሲወጣ ፈረሰኛ ሁሉ ወርዶ ሦስት ጊዜ ይሰግዳል።

“ልጄ፣ ልብሽን አውቀዋለሁ” አሏት እኅቴን። “ግን አንዱ ሳይሰግድ ሌላው ተመልሶ አይወጣም። አንቺ እስክትወርጂ ስንጠብቅ ታቦቱ ያለ አጃቢ ይሄዳል።”

እናቴ ከሐሳቧ አልተመለሰችም። በማግሥቱ የንስሐ አባታችንን ይዛ፣ አባቴንና እኛንም አስከትላ እዚያው ደጅ ተገኘች። ቄሱ ነገሩን ሰምተው መፍትሔ አበጁ፤ ሕመምተኛ ናትና እላይ እንደተቀመጠች ራሷን ዝቅ ታድርግ፣ እግዚአብሔር ልብን ያያል አሉ። አለቃው ተስማሙ። እናቴ መስቀሉን ተሳለመች። ሁላችንም ደስ ብሎን ልንነሣ ስንል እኅቴ ተናገረች። አንዷ ቃል እስክትወጣ ሁሉም ጠበቃት።

“አባ፣ ይፍቱኝ። ሁሉ ወርዶ እኔ እላይ ከቀረሁ ፈረሰኛ አይደለሁም። ጭነት ነኝ።”

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጭነት የጫነ ሰው፣ አንገቱን ደፋ።

“ብትወድቂስ?” አሉ አለቃው።

“እኔስ መውደቅ ለምጃለሁ፣ አባባ። የምሰጋው ለባዝራዋ ነው።”

ሽማግሌው አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይስቅ ነበር። ወርደሽ ካሳየሽኝ ትመጫለሽ አሉ።

ከኅዳር ጀምሮ መውረድ ተማርን። መጀመሪያ ባዝራዋ አንገት ላይ ትደፋለች። እኔ ቀኝ እግሯን በባዝራዋ ጀርባ ላይ አሻግራለሁ። ከዚያ በሆዷ ተኝታ፣ ጋማውን ጨብጣ፣ እግሯ መሬት እስኪነካ ትንሸራተታለች። ተረከዟን ከመምራት በቀር እንድንሸከማት አትፈቅድም፤ ብብቷን ከያዝናት እንደ አዲስ እንጀምር ትላለች። ብርዱ ሲብስ እግሯ እንጨት ይሆናል። መምህሩና ጫኞቹ በየተራ ሲያግዙን፣ ልጆቹ ከየፈረሳቸው ላይ ሆነው ‘ውረጂ፣ ውረጂ’ እያሉ ያበሽቋት ነበር። ከገና በኋላ አለቃው መጥተው አዩ፤ ጥሩ ነው አላሉም፣ አትምጪም አላሉም።

ከተራ ደረሰ። ታቦቱ ሲወጣ መለከቱና እልልታው ባንድ ላይ ፈነዳ። እኅቴ ስትደነግጥ ሰውነቷ ይገተራል፤ ይህን ሜዳችን ላይ አልተለማመድነውም። ፈረሰኞቹ ሁሉ ዱብ ዱብ ብለው ወርደው ሲሰግዱ እግሯ ለእጄ አልታዘዝ አለ። እንደምንም አሻገርኩት። ታቦቱ በፊታችን ሲያልፍ እኅቴ ባዝራዋ ጀርባ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ ፊቷ ጋማው ውስጥ ነበር።

አባቴ ከሳቢው ቦታ ሆኖ፣ አልፏል፣ ተመልሰሽ ተቀመጪ አላት።

“መውረድ ጀምሬያለሁ” አለች።

ወጣቶቹ አንድ እግራቸውን እርካብ ላይ አድርገው ነበር። አለቃው ዞር አሉ። “ማን ውጡ አላችሁ? ፈረሰኛዋ አልሰገደችም።”

“ታቦቱ ራቀ እኮ፣ አባባ” አለ አንዱ።

“ይራቅ። ጋልበን እንደርሳለን። የምን ፈረሰኛ ነህ ታዲያ?”

እግሯ መሬት ነካ። ከእኔ ጋር ተንበረከከች፣ ግንባሯን አፈር ላይ አደረገች፣ ተነሣች። እንደገና ሰገደች። መዘግየታችን አስጨንቆኝ፣ ይበቃል እኅቴ፣ ይቅር ይልሻል አልኳት በጆሮዋ።

“ሦስት ነው” አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ፊደል ጨርሳ። ከኋላችን ፈረሶቹ ልጓማቸውን እያላመጡ ቆመዋል፤ አንድም ሰው ወደ ኮርቻው አልተመለሰም።