ለውሻ ያለቀስንበት ቀን

ውሻዬን የሰጡኝ ጎረቤቴ ነበሩ። ቡራዩ ውስጥ ከአምቦው መንገድ ወደ ገፈርሳ በኩል ገባ ብሎ ቤታችንን የሠራንበት መሬት ድሮ የእሳቸው የጤፍ ማሳ ነበር። እኛ ስንመጣ ከዚያ ሁሉ የቀራቸው ቤታቸው ያለበት ግቢና ከጀርባው ያለው ትንሽ የባሕር ዛፍ ቦታ ነው። ሰፈሩ ኦቦ እያለ ይጠራቸዋል፤ እኔ አባባ ነበር የምላቸው። ከአዲስ አበባ የኪራይ ቤት ወጥተን፣ ግድግዳው ሳይለሰን፣ አጥሩ ገና ቆርቆሮ ሳለ ስንገባ አንድ ጠዋት ጋቢያቸው ውስጥ የሸጎጧትን ቡችላ አውጥተው እግሬ ሥር አስቀመጧት። ባልሽ ሲያመሽ ብቻሽን አትሁኚ አሉኝ።

ባለቤቴ ውሻ ቤት ውስጥ እንዳትገባ ብሎ ነበር። ክረምቱ ሲከፋ ግን በረንዳው ላይ ስትንቀጠቀጥ አይቶ በሩን የከፈተላት እሱ ራሱ ነው። ከእኔ አማርኛ፣ ከእሳቸው ኦሮምኛ ለመደች። እኔ «ነይ» ስላት ጆሮዋን አንስታ ታስብበታለች፤ እሳቸው ከአጥሩ ማዶ «ኮቱ» ካሉ ግን ሳይጨርሱት ደርሳለች። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ እስከ ታክሲ መያዣው ትሸኘኛለች። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ ረዳቱ በሩን እስኪዘጋ ቁጭ ብላ ታየኛለች። ከጎኔ የሚቀመጡት ይስቁብኝ ነበር።

አንድ ዓመት ፅንስ ጨነገፈብኝና ብዙ ጊዜ አልጋ ላይ ቆየሁ። ሰው እየመጣ ያጽናናኛል፤ እግዜር ሌላ ይሰጥሻል ይለኛል። እሷ ምንም አላለችኝም። አገጯን አልጋው ጠርዝ ላይ አድርጋ ትውል ነበር። ከእሷ ጋር የተሳሰርኩት ያኔ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ውሻ ብቻ ናት ብዬ አላውቅም።

ያ የማስተር ፕላኑ ወሬ ሲመጣ አባባ ዝምታ አበዙ። አዲስ አበባ ዙሪያችንን ልትጠቀልል ነው፣ ገበሬው የቀረችውን መሬት ሊነጠቅ ነው ይባላል። አንድ ቀን ሰበታ፣ አንድ ቀን ሱሉልታ፣ አንድ ቀን እኛው ጋ መንገድ ይዘጋል። ዩኒቨርሲቲ የነበረው ልጃቸው ትምህርቱ ሲቋረጥ ወደ ቤት ተመለሰ። ረጋ ያለ፣ ቁመቱ የበሩን ጉበን የሚነካ ወጣት ነበር። ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሰልፍ እንደሚወጣ አውቃለሁ፤ አባቱም ያውቃሉ። አትሂድ ሲሉት አልሰማሁም።

የዚያን ቀን ባለቤቴ በማለዳ ወደ ከተማ ወጥቶ ሄዷል። እኔ ልከተለው ስል መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ፣ ጎማ እየተቃጠለ ደረስኩና ተመለስኩ። ብዙም ሳይቆይ ተኩስ ተጀመረ። መጀመሪያ ራቅ ብሎ ነበር፤ ቆይቶ እየቀረበ መጣ። አስለቃሽ ጭሱ በአጥሩ ላይ ተሻግሮ ግቢያችንን ሞላው። ውሻዬ አፍንጫዋን ከመሬቱ ጋር እያሸች ትዞራለች። ይዣት ዓይኗን በውኃ ሳጥብላት አንድ ሰው አጥሩን ዘሎ ከጀርባችን ወደቀ።

የአባባ ልጅ ነበር። ግንባሩ ተፈንክቶ ደሙ ሸሚዙ ላይ ወርዷል። ውሻዬ አልጮኸችበትም፤ ጅራቷን እየቆላች እጁን ላሰችው።

«መጀመሪያ የሚገቡት አባቴ ጋ ነው» አለኝ፤ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነው የሚወጣው። «ትንሽ ልቆይ።»

ጓሮ ያለችው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ አስገባሁትና ዘጋሁበት። ከአጥሩ ማዶ የአባባ ቤት በር ሲሰበር ሰማሁ፤ ከዚያ ዕቃ ሲወረወር፣ ከዚያ ሰው ሲመታ። ምት ሰው ላይ ሲያርፍ የሚያወጣው ድምፅ እንደ ሌላው ድምፅ አይደለም። አባባ አልጮኹም።

ቀጥሎ የእኛን የቆርቆሮ በር በእርግጫ ገንጥለው ገቡ። መለዮ የለበሱ፣ መሣሪያ የያዙ ነበሩ፤ ስንት እንደነበሩ አላስታውስም፤ ግቢው ሞልቶ ነበር። አንዱ የደም ጠብታውን መሬት ላይ አይቶ እየተከተለ ወደ ጓሮ ሄደ። እኔን ሌላው በመሣሪያው ደረቴን ገፍቶ ከግድግዳው ጋር አጣበቀኝ። ልጁን በፀጉሩ ይዘው አወጡት። ከሰርቪሱ እስከ በሩ ድረስ በሰደፍና በጫማ እየደበደቡ ወሰዱት። አንዴ እጁን ፊቱ ላይ ሲያደርግ ጣቶቹ ላይ መቱት፤ የአጥንቱን ስብራት ቆሜ ሰማሁ። ውጭ ቆሞ በነበረው መኪና ላይ በሆዱ ወረወሩት።

አባባ ያኔ ነው የገቡት። አፋቸው በደም ተሞልቷል፤ ጋቢያቸው የለም። «ኢልማ ኮ» ይላሉ፤ ልጄ ልጄ ነው የሚሉት። አንዱ ዞሮ ሆዳቸውን በሰደፍ መታቸውና ተንበረከኩ። ሁለተኛ ሊመታቸው መሣሪያውን ሲያነሳ ውሻዬ ከየት እንደመጣች ሳላያት ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች።

እስከዚያ ድረስ ሰው ነክሳ አታውቅም። ሰውየው ጮኸ። ጓደኛው ጎኗን በእርግጫ መትቶ አላቀቃት፤ ወድቃ ተነሳችና ከአባባ ፊት ቆመች። ተኮሰባት። አባባ ከዚያ በፊት ሰምቼ የማላውቀውን ጩኸት ጮኹ። ከዚያ መኪናው ተነሳና ሄደ፤ ግቢው ጭር አለ።

ጥይቱ ወገቧን ነበር ያገኛት። ወዲያው ብትሞት ይሻላት ነበር። በፊት እግሮቿ እየተጎተተች፣ የኋላዋን እንደ ጆንያ እያስከተለች ወደ እኔ መጣች። ያለፈችበት መሬት ሁሉ ደም ነው። ጭኔ ላይ አስተኛኋትና ነጠላዬን ቁስሏ ውስጥ ጠቀጠቅኩ፤ እጄ ወደ ውስጥ ገባ። ሐኪም ጋ የሚወስድ መንገድ የለም፤ ለተመታ ሰውም አልተገኘም። ባለቤቴ ደውሎ ከተማ እንደቀረ፣ የሚያሳልፈው እንዳጣ ነገረኝ። እኔ ግን ስለ እሷ ሳልነግረው ስልኩን ዘጋሁ።

አባባ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀምጠው ቆዩ። ልጃቸው ተወስዶ፣ ጥርሳቸው ተሰብሮ፣ እሳቸው ውሻዬን ነው የሚያዩት። ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ ድምጿ ተለወጠ። እንደ ሕፃን ልጅ ሆነ። ያንን ድምፅ አሁንም በጽሑፍ ማስቀመጥ አልችልም።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ሲሉኝ ነው። «እንዲህ ሆና ማደር የለባትም። ከፈቀድሽ እኔ ላሳርፋት።»

ገባኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ሄደው እንጨት የሚፈልጡበትን መጥረቢያ ይዘው መጡ። ወደ ቤት ግቢ አሉኝ። አልገባም አልኳቸው። አገጯን በሁለት እጄ ያዝኩላት። እሳቸው በኦሮምኛ ቀስ ብለው አነጋገሯት፤ ዓይኗን ወደ እሳቸው አዞረች። በመጥረቢያው ጀርባ አንዴ መቷት። ከመዳፌ ውስጥ ስትላቀቅ ተሰማኝ።

መጥረቢያውን ጥለው ማልቀስ የጀመሩት ያኔ ነው። ልጃቸው ሲወሰድ ያላለቀሱ ሰውዬ ትከሻቸው እየተናጠ አለቀሱ። ለእሷ ነው፣ ለልጃቸው ነው፣ ለሁሉም ነው፣ አልጠየቅኋቸውም። አብሬያቸው አለቀስኩ።

በሰፈራችን የሞተ ውሻ ገደል ነው የሚጣለው። እሳቸው ግን ዶማ አምጥተው ከቀረቻቸው መሬት ላይ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆፈሩላት። ሥሩ እየበዛባቸው፣ የተመታ ሆዳቸውን በአንድ እጅ እየደገፉ ቆፈሩ። ላግዝዎት ብላቸው እምቢ አሉ። አፈሩን መልሰው ሲጨርሱ «ጀባዱ» አሉኝ፤ በርቺ ማለት ነው፤ ሰው ለሞተበት የሚሉትን ነው ያሉኝ። ማታውን ቤታቸው ገብቼ የተሰባበረውን አብሬያቸው ሰበሰብኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የለቅሶ ነበሩ። ከእኛ በታች ያለች እናት ልጇ መንገድ ላይ ተመትቶ ሞቶባት ድንኳን ተተክሎ ነበር። እዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለማን እንዳለቀስኩ ግን ለይቼ አላውቅም። ውሻዬ እንደሞተች የሰማች ጎረቤት ዓይኔን አይታ ሰው እያለቀ ለውሻ ይለቀሳል እንዴ አለችኝ። ልትጎዳኝ ብላ አይደለም፤ እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲያ ሳለቅስ ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ሆነ። ባለቤቴም ውሻዬ ትበላበት የነበረውን ሳህን ሳልጠይቀው አጥቦ ከዓይኔ አራቀልኝ፤ እሱም ስሟን አያነሳም።

የአባባ ልጅ የት እንዳለ የሚነግራቸው ጠፋ። የሄዱበት ጣቢያ ሁሉ እዚህ የለም ይላቸዋል። ክረምቱ አልፎ መሬቱ ሲደርቅ ልጁ ሳይታሰብ መጣ። ከሰፈሩ እልልታ ስሰማ ወጣሁ። ጭንቅላቱ ተላጭቷል፤ ልብሱ ሰፍቶበታል። አባቱ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ልጁ ሲያያቸው ቆመ፣ ከዚያ መንገዱ ላይ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ድካም መሰለው።

በማግስቱ እኔ ጋ መጣ። የተሰበሩት ጣቶቹ ጠምመው ነበር የተጋጠሙት። ውሻዋን በዓይኑ ፈለጋት። አባቱ ነግረውታል፣ ግን ከእኔ መስማት ፈልጎ ነበር። መሞቷን ነገርኩት።

«መኪናው ላይ በሆዴ ተኝቼ ነበር» አለኝ። «ተኩሱን ሰማሁ፣ የአባቴን ጩኸት ሰማሁ፣ ከዚያ ፀጥ አለ። የገደሉት እሱን መስሎኝ ነው የከረምኩት። የታሰርኩበት ክፍል ውስጥ ከነበሩት ጋር ለቅሶ ተቀምጬለታለሁ።»

ወደ መሬት እያየ ጨመረልኝ።

«ውሻዋ ናት ሲሉኝ ደስ አለኝ። ላንቺ እንዲህ ማለት ከብዶኛል።»

አልተቀየምኩትም። እኔም ያን ቀን ጥይቱ ከአባባ ይልቅ እሷን በማግኘቱ እግዜርን ማመስገን እንዳለብኝ ለራሴ ስነግረው ከርሜያለሁ፤ ግን አንድም ቀን ማመስገን ሳልችል ቀርቻለሁ። ይህንኑ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። የት ነው ያለችው አለኝ፤ ከባሕር ዛፉ ሥር ወሰድኩት። ቦታው ሣር አብቅሎ ከሌላው መሬት አይለይም ነበር።

እዚያ ስደርስ ያጠራቀምኩት ሁሉ ወጣ። መሬት ላይ ተቀምጬ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። ከአጥሩ ውጭ ሰው ያልፋል፤ ይሰማኛል፤ ግድ አልሰጠኝም። ልጁ በቃሽ አላለኝም። አጠገቤ ቆሞ እስክጨርስ ጠበቀኝ፤ ከዚያ በደህና እጁ ደግፎ አነሳኝና ወደ ቤት ተመለስን።