የዕድሜ ልክ ምስክር ወረቀት

ዌንደል ቶልፍሰንና ማርሴላ ባልና ሚስት ናቸው። ሁለቱም የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስቶች ሲሆኑ፣ ነብራስካ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ይሠራሉ። የሚለያቸው አንድ ዓመት ነው። ዌንደል ስፔሻሊስትነቱን የሚያረጋግጠውን የቦርድ ፈተና ያለፈው እሷን በአንድ ዓመት ቀድሞ ነው፤ ማርሴላ በዚያ ሰሞን አራስ ስለነበረች ፈተናው ለከርሞ ተላለፈባት። በመካከሉ ደንቡ ተለወጠ። ቀድሞ ያለፈ ሁሉ የዕድሜ ልክ ምስክር ወረቀት ያዘ፤ ዘግይቶ ያለፈ ግን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እየተፈተነ ያሳድሳል።

የተወለደው ልጅ የዌንደልም ነበር። ማርሴላ ይህን አንስታ አታውቅም ማለት አይቻልም።

ድሮ በየአሥር ዓመቱ ኦማሃ ድረስ እየነዳች ቀኑን ሙሉ ስትፈተን ትውል ነበር። አሁን ጥያቄው በየሦስት ወሩ በኮምፒውተር ቤቷ ድረስ ይመጣል። መጽሐፍ ማገላበጥ ይፈቀዳል፣ ሰው መጠየቅ ግን ክልክል ነው። ዌንደልን ያስቸገረው ይህ ክልከላ ነው። እሷ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጥያቄዋን ስትከፍት እሱን ውሃ ይጠማዋል።

"ይሄማ ቀላል ነው" ይላል ከኋላዋ ቆሞ።

"ዌንደል፣ ውጣልኝ።"

"መልሱን መቼ ነገርኩሽ? ቀላል ነው ነው ያልኩት።"

"እሱም መንገር ነው። ጋራዥ ሂድ።"

አንድ ቅዳሜ፣ የእግር ኳሱ ጨዋታ ለዕረፍት ሲቆም፣ እንደ ልማዱ መጣና "እኔ እስከ ዛሬ በሽተኛ ያከምኩት ኮምፒውተር ፈቅዶልኝ አይደለም" አላት።

ማርሴላ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። "ተመዝገብ" አለችው።

"ማን አስገድዶኝ?"

"ማንም። ቀላል ነው ብለሃል፤ ተመዝገባ።"

ተመዘገበ። የዕድሜ ልክ ወረቀቱን ማንም ሊነጥቀው አይችልም፤ በፈቃዱ ነው የገባበት። ይህን የሰሙ የሙያ ጓደኞቹ ጤንነቱን ጠየቁ።

የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች እያፏጨ ሠራቸው። ቀጥሎ የመጣው ስለ አንዲት አሮጊት ነበር። ልቧን ታማ አታውቅም፤ የልብ ሕመም እንዳይመጣ ለመከላከያ ተብሎ በየቀኑ ትንሿን አስፕሪን ትወስዳለች፤ አሁን ድካምና ደም ማነስ አለባት። ቀጥሎ ምን ይደረግ? ዌንደል መጽሐፍ አላገላበጠም። አስፕሪኑ ይቀጥል፣ የብረት እንክብል ይጨመር የሚለውን መረጠ።

ስህተት ነው አለው ኮምፒውተሩ። አስፕሪኑ ይቁም፤ ደሙ በጨጓራ ወይም በአንጀት በኩል እየፈሰሰ እንደሆነ ይመርመር።

ጥያቄው ተጣሞ የወጣ ነው ብሎ አሰበ። እንደገና አነበበው። ሲያነበው የጥያቄው አሮጊት መልክ አወጣች፤ የራሱን በሽተኛ፣ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ኃላፊ የነበሩትን አይዴላ ክራውስን ሆነች። አስፕሪኑን ያዘዘላቸው እሱ ነው። ድካሙ ሲመጣ ብረቱን የጨመረላቸውም እሱ ነው።

"ማርሴላ፣ ያንቺ በሽተኞች ለመከላከያ አስፕሪን ይወስዳሉ?"

"ልባቸው ደህና የሆነ ሽማግሌዎች? ካስቆምኳቸው ስንት ጊዜዬ!"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬሃለሁ። ራት ላይ። 'የፈተና ወሬ ማዕድ ላይ አታምጪብኝ' አልከኝ።"

ዌንደል ራቱ ትዝ አለው። ቺሊ የሚሉት የሥጋና የባቄላ ወጥ ነበር፣ ከቀረፋ ዳቦ ጋር።

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ አይዴላን አስጠራቸው። ፊታቸው ሊጥ መስሏል።

"ድካሙ እንዴት ነው?"

"አልጋ ሳነጥፍ እደክምና ያነጠፍኩት ላይ እተኛለሁ።"

"ሰገራዎ ይጠቁራል?"

"እንደ ሬንጅ! ብረቱ ያጠቁረዋል፣ አይደንግጡ ብለውኝ የለ?"

ብሎ ነበር። ብረት ያጠቁራል፤ የደማ ጨጓራም ያጠቁራል። ይህን መለየት የነበረበት ሐኪሙ ነው።

"አስፕሪኑን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። ጨጓራዎ እየደማ ይመስለኛል። ቀደም ብዬ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ለልብዎ ነው ብለውኝ ነበር እኮ።"

"ብያለሁ።"

"ልቤስ ታዲያ?"

"ልብዎ ደህና ነው።"

"ድሮም ደህና ነበር?"

"ድሮም።"

"እንግዲህ ጨጓራዬን ለደህና ልብ ገብሬዋለሁ" አሉ አይዴላ።

የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ገቡ። ደም ተሰጣቸው፤ ካሜራ ያለው ቱቦ ወርዶ ሲታይ የጨጓራ ቁስል ተገኘ። ዌንደል በየቀኑ እየሄደ አልጋቸው አጠገብ ይቀመጥ ነበር። የሚያወራው ሲያጣ ስለ በቆሎው ያወራል።

ለመከላከያ አስፕሪን የሚወስዱ የቀሩትን በሽተኞቹንም አንድ በአንድ ስልክ ደወለላቸው። አንድ ገበሬ ተከራከረው።

"ትልቁን ጠርሙስ ገና መክፈቴ ነው፤ ልጨርሰውና ልተወው?"

"አይጨርሱት።"

"ለውሻዬ ልስጠው?"

"ለውሻም አይሆንም።"

በበጋው መጨረሻ አይዴላ ቀይ ሊፕስቲክ ተቀብተው ክሊኒክ መጡ። ቀጠሮ አልነበራቸውም። የዌንደልን በር ከፍተው ሳይቀመጡ ቆሙ።

"ዶክተር፣ ከሰው ከሚሰሙት ከኔ ይስሙት ብዬ ነው። ወደ ባለቤትዎ ዞሬያለሁ።"

"ጎበዝ ሐኪም ናት።"

"ተቀይሜ እንዳይመስልዎ። ደብቀውኝ ቢሆን እቀየም ነበር። ግን እንክብል ባዘዙልኝ ቁጥር የማላምንዎት ከሆነ ለሁለታችንም አይበጅም።"

"ይገባኛል፣ ወይዘሮ አይዴላ።"

"እርስዎም ይወስዱት ነበር ይባላል፣ አስፕሪኑን።"

"እወስድ ነበር።"

"ተዉት?"

"ተውኩት።"

"ደግ አደረጉ" አሉና እጁን ጨብጠውት ወጡ።

ዌንደል መስኮቱ ጋ ቆሞ መኪናቸውን ወደ ኋላ ሲያወጡ አያቸው። ከዚያ ተረኛውን በሽተኛ ጠራ።