የታንኳ ልጅ እና የዘጌው ኩርባ

ሞተር አይዋሽም። የሚዋሸው ባለቤቱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ባሕር ዳር ላይ ሞተር ስጠግን፣ ወድቆ የመጣ ሁሉ «ጋሽ አስማማው፣ ውሻ ገባብኝ» ይለኛል። በጊዮርጊስ! የዚህ ከተማ ውሻ ሌላ ሥራ የለውም እንዴ? ይኸው ጋራዤ በር ላይ የሚተኙት ሁለቱ ውሾች ከተነሡ ሳምንታቸው ነው።

ዘሀራ ግን አልዋሸችኝም። ኅዳር ላይ ሞተሯን በአይሱዙ አስጭና መጣች። የፊት መብራቱ ረግፏል፣ መሪው ተጣሟል፤ የእሷም ግራ እጅ በፋሻ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ውሻ ነው?» አልኋት፣ እንደ ልማዴ።

«የለም፤ ማንም አልገባብኝም። ፈርቼ ነው» አለችኝ።

ቀና ብዬ አየኋት። እንዲህ ያለ ደንበኛ አይቼ አላውቅማ! ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደድኋት።

ዘሀራ የከብት ሐኪም ናት። አባቷ አያ ረመዳን ሐይቁ ዳር ደንገል እያሰሩ ታንኳ የሚሠሩ፣ ዓሣም የሚያጠምዱ ሰው ናቸው። ልጅቱ ከእግሯ በፊት ታንኳ ነው ያወቀችው ቢባል ሐሰት የለበትም። ተምራ ስትመረቅ መሥሪያ ቤቷ ሞተር ሰጣት፤ የክትባቱን ሳጥን አስራ ከሐይቁ ዳር መንደሮች እስከ ዘጌ ትመላለሳለች። መጀመሪያ ገበሬው «ሴት ልጅ በሞተር! ጉድ ሳይሰማ» እያለ ይስቅ ነበር። አሁን የሞተሯን ድምፅ ሲሰማ በሬውን አስሮ ይጠብቃታል።

የወደቀችው ዘጌ መንገድ ላይ፣ ዋርካው ያለበት ኩርባ ላይ ነው። መንገዱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ በግራ በኩል ጥልቅ ቦይ አለ። ከኋላዋ የሥራ ባልደረባዋ ፍሬ ስብሐት ተቀምጧል።

«ትንሽ ፈጠን ብዬ ገባሁ» አለችኝ። «ቦዩን አየሁት። ካየሁት በኋላ ዓይኔን ማንሣት አቃተኝ። የፊት ፍሬን ጨመቅሁ፤ በቃ፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይዞን ገባ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አይደል የሚባለው? ሞተር ላይ ደግሞ ይኼ ተረት አይደለም። ዓይንህ ያረፈበት ቦታ ይዞህ ይሄዳል።

የእሷ እጅ ወለምታ ሆኖ ተረፈ። ፍሬ ስብሐት ግን ጉልበቱ ትንሽ ተላጠና መሥሪያ ቤቱን በወሬ አጥለቀለቀው። «ዘሀራ ቦዩ ሐይቅ መስሏት ልትዋኝ ገባች» እያለ ያስቃል። ወሬው አለቃቸው ወይዘሮ የሺመቤት ዘንድ ደረሰ። እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር ግን ሰው እንዳይሞትባቸው ይፈራሉ። ቆራጥ ቃል ተናገሩ፦ እጇ ሲድን ያንኑ ኩርባ፣ እሳቸው ቆመው እያዩ፣ ሰው ከኋላዋ ጭና ትለፈው። ካልቻለች ሞተሩ ለሌላ ይሰጣል፤ እሷም ቢሮ ገብታ መዝገብ ትይዛለች።

«መዝገብ!» አለች ዘሀራ ጋራዡ ውስጥ እየተንጎራደደች። «ወላሂ ጋሽ አስማማው፣ እኔ ከበሬና ከላም ጋር ልውል ነው የተማርሁት። ከወንበር ጋር ልውል አይደለም።»

«እንግዲያው ዝም በይና እጅሽ ይዳን። ቀሪውን ለእኔ ተይው» አልኋት። ጉራዬን ታውቁታላችሁ።

እጇ ሲድን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ሜዳ ላይ ድንጋይ ደርድሬ ኩርባ ሠራሁላት። ፍሬኑን ከመታጠፍሽ በፊት ያዢ፤ ስትታጠፊ ልቀቂ፤ ዓይንሽ የምትወጪበትን ይይ፣ የምትወድቂበትን አይይ አልኋት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የፈራ ሰው እጅም ፍሬን ላይ እንደዚያው ነው። እሷ ግን በሦስት ቀን ለቀቀች። ዓይኗም ተስተካከለ። ደስ አለኝ፣ ቀለጥሁ።

ግን ሞተሩ አሁንም አልታጠፍ አለ! ፈጠን ባለች ቁጥር ወደ ውጭ ይሸሻል፤ ድንጋዩን ገጭቶ ያልፋል። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ጎማውን አየሁ፣ መሪውን ፈታሁ፣ ራሴ ነዳሁት፤ ምንም የለበትም። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና ጮኽሁባት።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ ልጅ? ሞተሩ ምን አደረገሽ?»

«አይጩኹብኝ! ያሉኝን ሁሉ አድርጌአለሁ!» ብላ ሄልሜቷን መሬት ላይ አስቀምጣ ሄደች። ለፈተናው የቀረው ዘጠኝ ቀን ነበር። እኔም አልተኛሁም፤ ዋሽቼ ነዋ «ለእኔ ተይው» ያልሁት።

በማግስቱ አያ ረመዳን «ልጄን ያስተማርህልኝ ሰው ና፣ ዓሣ እናብላህ» ብለው ላኩብኝ። አፈርሁ፤ ግን እምቢ አይባልም። ሄድሁ። «መጀመሪያ መረቡን አብረን እናንሣ» አሉና ታንኳቸው ላይ አስቀመጡኝ። እኔ ጣና ዳር ተወልጄ ዋና የማልችል ሰው ነኝ፤ ይኼን ለማንም እንዳትናገሩብኝ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ማዕበሉ ከጎን መታንና ታንኳዋ ወደ ቀኝ ተጋደለች። እኔ ምን አደረግሁ? ሃያ ሁለት ዓመት ሞተር ላይ የኖረ ወገብ የለመደውን አደረገ፤ አብሬ ወደ ቀኝ አዘነበልሁ። ውሃው ገባ! ጭኔን አረጠበኝ!

«ወደ ግራ! ወደ ግራ በል አንተ ሰው! ልታሰምጠን ነው?» ብለው አያ ረመዳን ጮኹብኝ። ራሳቸው ወደ ግራ ተወርውረው ታንኳዋን አቃኑ። እኔ «ጊዮርጊስ! ጊዮርጊስ!» እላለሁ።

ሲረጋጋ ሳቁብኝ። «ታንኳ ሲጋደል ወደ ተነሣው ጎን ነው የሚኬደው። ይኼንንማ ዘሀራ ጡት ሳትጥል ታውቀዋለች» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ጡት ሳትጥል!»

«አገኘሁት!» ብዬ ልነሣ ስል ታንኳዋ እንደገና ተናወጠች፤ እሳቸውም «ተቀመጥ!» ብለው ኮቴን ይዘው ጎተቱኝ። ዓሣውን እንዴት እንደበላሁት አላስታውስም። በልቤ ሞተር ላይ ነበርሁ።

ዘሀራን ጠርቼ ነገርኋት። ሞተር ወደ ቀኝ ሲያዘነብል አንቺ ሳታውቂው ወደ ግራ ትሄጃለሽ፤ አባትሽ ያስተማሩሽ ነው። ሐይቅ ላይ ያዳነሽ ነገር ምድር ላይ ጣለሽ። ኩርባው ላይ ሞተሩ ሲጋደል ደነገጥሽ፤ ሰው ደግሞ ሲደነግጥ ወደ ለመደው ነው የሚሸሸው።

ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እኔ እኮ ፈሪ ነኝ ብዬ ነበር» አለች። «ሁለት ወር ሙሉ ፈሪ ነኝ ብዬ ራሴን ስሰድብ ነበር።»

«ፈሪስ እኔ ነኝ። አባትሽን ጠይቂያቸው» አልኋት። በእንባዋ መካከል ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀላል ሆነ። ወገቧን አስለቀቅኋት፤ አብረሽ ዘንበል በይ፣ አብረሽ ተነሺ፣ አትከራከሪው። በስድስተኛው ቀን ድንጋዮቹን እንደ ልጅነት ጨዋታ ትዞራቸው ጀመር። በሰባተኛው ቀን እኔን ከኋላ ጭና ዞረች። እኔም ጉራዬ ተመለሰልኝ።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ዋርካው ሥር ተሰበሰብን። ወይዘሮ የሺመቤት በመሥሪያ ቤቱ መኪና መጡ። አያ ረመዳንም ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ጥግ ላይ ቆመዋል። እኔ ሄልሜት ይዤ ከኋላዋ ልወጣ ስል ወይዘሮ የሺመቤት አስቆሙኝ።

«እርስዎማ አይሆኑም ጋሽ አስማማው። እርስዎ የሞተር ሰው ነዎት፤ ከኋላ ሆነው ያግዟታል። እሷ የምትጭነው ተራ ሰው ነው። ፍሬ ስብሐት፣ አንተ ውጣ።»

ፍሬ ስብሐት ወዲያው ጉልበቱን ያዘ። «አሁንም ያመኛል እቴጌ» አለ። ሾፌሩ ወደ መኪናው ሞተር አጎነበሰ። የሚወጣላት ማንም የለም። ዘሀራ መሪውን ይዛ መሬት መሬት ታያለች።

«እኔ እቀመጣለሁ» አሉ አያ ረመዳን።

ወይ ጉድ! እሳቸው? ስልሳ ዓመት ሐይቅ ላይ የኖረ ወገብ! በሕይወታቸው ሞተር ላይ ወጥተው የማያውቁ ሰው! ኩርባው ላይ እንደ ልማዳቸው ወደ ግራ ከተወረወሩ ሁለቱም ቦይ መግባታቸው ነው። ሮጥሁና ጎተት አደረግኋቸው።

«አያ፣ ይስሙኝ። ሞተሩ ሲጋደል እርስዎ እንዳያቃኑት። አብረው ይጋደሉ። እንደ ታንኳ አይደለም!»

«ሰማሁህ» አሉ።

«አባዬ፣ ይቅር። ሌላ ቀን ይሁን» አለች ዘሀራ።

«ሌላ ቀን ሞተሩ የሌላ ሰው ነው» አሉና የእኔን ሄልሜት ከእጄ ወስደው አጠለቁ። ቢስሚላህ ብለው ወጡ።

ርቃ ሄዳ ዞረችና መጣች። ድምፁን ሰማሁት፤ ሳትታጠፍ በፊት ቀነሰች፣ ማርሽ ለወጠች፣ ፍሬኑን ለቀቀች። አንገቷ ወደ መውጫው ዞሯል፤ ቦዩን አንዴም አላየችውም። ሞተሩ ወደ ቀኝ ማዘንበል ጀመረ። ያን ጊዜ የአያ ረመዳን ትከሻ ወደ ግራ ሲነሣ በዓይኔ አየሁ። የእሷም ጀርባ ተሰማው መሰለኝ፤ ሞተሩ እንደ መቃናት አለ። እሷ ግን አልደነገጠችም፤ ፍሬን አልነካችም። ነዳጁን እንደያዘች አፏን ከፍታ፣

«አባዬ! ከእኔ ጋር!» ብላ ጮኸች።

አያ ረመዳን ወገቧን አቀፉ፤ ጉንጫቸውን ጀርባዋ ላይ አደረጉና ወገባቸውን እንዳለ ለቀቁላት። አባትና ልጅ አንድ ላይ አዘንብለው ዋርካውን ዞሩት፤ አንድ ላይ ተነሡ። እኔ እንደ ልጅ ዘለልሁ። ፍሬ ስብሐትም ጉልበቱን ረስቶ አጨበጨበ።

ወይዘሮ የሺመቤት ብዙ አላወሩም። «ሰኞ ክትባቱን ይዘሽ ትወጫለሽ» አሏትና መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ዘሀራ ሞተሩን አቁማ እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ትስቃለች፣ ታለቅሳለችም።

እኔ አያ ረመዳንን ይዤ ጠየቅኋቸው። «ስልሳ ዓመት የለመደ ወገብ እንዴት እሺ አለዎት?»

ሄልሜቱን እያስተካከሉ አዩኝ።

«ታንኳ ላይ ቀዛፊው አንድ ነው፤ ሌላው ይታዘዛል። እስከ ዛሬ ቀዛፊው እኔ ነበርሁ» አሉኝና ተመልሰው ከልጃቸው ኋላ ወጡ።